ጥቁሮቹ ጣቶች

ልጅ ሳለሁ አያቴ ሲመሽ ፍሙ ዳር ተቀምጠው የአባታቸውን ጎራዴ ከአፎቱ ይመዙና ከእጀታው እስከ ጫፉ በጣታቸው እየተከተሉ ያወሩልን ነበር። ያኔ በቤታችን ፊደል የቆጠረ ሰው የለም፤ አያቴ የሚያነቡት ብረቱን ነው። ከእጀታው ሥር ያለው ሰማያዊ፣ ቤት ሲቃጠል እሳት የላሰው። መሀሉ ላይ ያለው ጠቃጠቆ፣ ዋሻ ተደብቆ የከረመበት። «ቀዩ ዝገት ብረት ይበላል፤ ጥቁሩ ግን ይጠብቀዋል» ይሉና ቀዩን ብቻ በሞራ ይወለውሉታል።

ጫፉ አጠገብ ስለቱ ላይ አራት ጥቁር ጣቶች ነበሩ፤ ረጃጅም። እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸው ይወርዳል። ከታላቅ ወንድማቸው ከካሳ ጋር ተክዜን ሲሻገሩ ደራሽ ውሃ መጣ። አያቴ ቀድመው ዳር ወጥተዋል፤ በትር እንኳ በእጃቸው የለ፣ ጎራዴውን ዘረጉለት። ካሳ ስለቱን ጨበጠ። ሳቡ። ጎራዴው ብቻውን መጣ፤ የጣቶቹ ደም ስለቱ ላይ ጠቁሮ ቀረ። ሬሳው አልተገኘም፤ መቃብርም የለው። አያቴ ያንን የጣት ምልክት ዕድሜ ልካቸውን ሳይጠርጉት ኖሩ።

አንድ ዓመት አጎቴ ትርንጎን አገባ። በእኛ አገር ሙሽራ የመጀመሪያ ፋሲካዋን የቤቱን ብረት ሁሉ ፈትጋ ታብለጨልጫለች፤ እንግዳ እጇን የሚለካው በዚያ ነው። ትርንጎም ድስቱን፣ ቢላዋውን፣ መጥረቢያውን በአመድና በሎሚ ፈተገች። ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ ፊቷ በርቶ ጎራዴውን ለአያቴ በሁለት እጇ አቀረበች። መዘዙት። እንደ ወተት ነጭ።

«ትርንጎ! እኚህን ሽማግሌም እንዲሁ ፈትገሽ ብታድሻቸው!» አለ አንዱ ጎረቤት። ሰው ሳቀ። እኛ ልጆች ደርቀን ቀረን።  የአያቴ ጣት ስለቱን ተከትሎ ሄደ ሄደና ጫፉ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። 

«አባቴ፣ አላማረም?» አለች ትርንጎ።

 ቀና ብለው አዩዋት።

«አማረ፣ ልጄ። አማረ።»

ወደ አፎቱ መለሱት። በዚያው ሰሞን ቀኝ መዳፋቸውን በጨርቅ አስረው ሰነበቱ። «ምን ነካዎት?» ስንላቸው፣ «እሾህ» አሉ። የተክዜውን ነገር ዳግም አላወሩልንም፤ ጎራዴውንም ፊታችን አልመዘዙትም።

ሲያርፉ ከአፎቱ ያወጣችው ትርንጎ ናት። ጩኸቷን ሰምቼ ሮጥሁ። ጫፉ አጠገብ፣ በዚያው ቦታ፣ አራት ጥቁር ጣቶች። ረጃጅሞቹ ግን አይደሉም። አንደኛው እስከ ግማሽ ነው። የአያቴን የቀለበት ጣት ገና በጎረምሳነታቸው ማጭድ ቆርጦት ነበር።

ዛሬ ጎራዴው እኔ ዘንድ ነው። በቀደም የልጅ ልጄ ከሰቆጣ የብርጭቆ ወረቀት ይዞ መጣ።

«አባባ፣ ልፈግፍግልዎ፤ እንደ መስታወት ነው የሚሆንልዎ» አለ።

እንደዚያ ፋሲካ ክው አልሁ። እጁን ያዝሁት።

«ቀዩን ጥረግ። ጥቁሩን ተው።»

«ለምን?»

ወሬ አላውቅበትም። ፍሙ ዳር አስቀምጬው ጣቴን ከእጀታው ጀምሬ እስከ ጫፉ ወሰድሁት። እስካሁን የሚያስደነግጠኝ ግን የትርንጎ ሎሚ አይደለም። አያቴ ያን ስለት በባዶ እጃቸው ጨብጠው መቆየታቸው ነው። ካሳን ምን ያህል እንዳመመው ያወቁት ያን ቀን ይመስለኛል።