ለሰርቡ መሪ የተደረሰ ጸሎት

ጎረቤታችን ያለ ፍትሐት ተቀበረ። ቄስ የሆኑት አባቴ፣ የንስሐ አባት ሳይዝ የሞተን ሰው አልፈታም ብለው እምቢ አሉ። ሚስቱ ቢያንስ ለአርባው እንዲፈቱላት ደጃችን ስትመላለስ ሰነበተች። እውነቱን ለመናገር እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰውየው በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ሳለ ታላቅ ወንድሜን ከገብስ አውድማ አሳፍሶ ወደ ጦር ሜዳ ልኮታል። ወንድሜ አልተመለሰም።

በዚያው ሰሞን አንድ ቅዳሜ፣ ታሪክ ከማስተምርበት ከመሐል ሜዳ ከተማ ወደ ቤት ሄድኩ። አባቴ ሰርቦች ኦርቶዶክስ መሆናቸውን ከሬዲዮ ሰምተው ኖሮ ጠየቁኝ። እኔም ስለ አንድ መሪያቸው አወራኋቸው። አገሩ በአውሮፕላን ተደበደበ፤ እሱም ምርጫ ተሸንፎ አልወርድ ሲል ሕዝብ አወረደው፤ በኋላም ለባዕድ ፍርድ ቤት ተላልፎ ተሰጠና ፍርዱ ሳይሰጥ እስር ቤት ሞተ አልኳቸው። አባቴ አዘኑ። "በኬልቄዶን ጉባኤ ብንለያይም ሰው ነው" አሉና በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ በሩቅ አገር ስለ ሞተው መሪ ጸሎት አደረሱ።

እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። ከሰዓት በኋላ ያስቀረሁትን ነገርኳቸው። የፓርቲ ሰው እንደ ነበር፣ ተበደልን ላሉ ወገኖቹ ቆሜያለሁ ብሎ ስሙ እንደ ገነነ፣ ከዚያ አገሪቱ ስትፈርስ ጦርነት ተነሥቶ ስንቱ እንዳለቀ፣ የተከሰሰውም በዚሁ እንደ ሆነ። አባቴ ተቆጡ። "የተማረ ይግደለኝ ያለው ሰው አንተን አላየም" አሉኝ። ታዲያ በዳይ ነው ተበዳይ ብለው ሲጠይቁኝ ግራ ገባኝ። ክሱ ከባድ ነው፤ ፍርዱ አላለቀም፤ እስከ ዛሬ የሚያለቅስለትም የሚረግመውም አለ።

ይህን ስንባባል የሟቹ ጎረቤታችን ሚስት መጣች። ጠዋት ጸሎቱ ላይ ነበረች። መስቀል ተሳልማ ቁጭ አለች።

"አባ፣ ያ ፈረንጅ የንስሐ አባት ነበረው?"

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። አላውቅም አልኩ። እሳቸውም ሳይጠይቁ መጸለያቸው ያን ጊዜ ገባቸው መሰለኝ፤ ፊታቸው ጠቆረ። ወደ እሷ ተመልሰው፣ "አንቺ ልጄ፣ እኔ የከለከልኩሽ ለሥርዓቱ ብዬ ብቻ አይደለም። የልጄ ነገር አልወጣልኝም" አሏት። ከዚያ የባሏን የክርስትና ስም ጠየቋት።

በአርባው ዕለት ሰዉ ሁሉ እግዚኦ ይላል። ለማላውቀው ለሩቁ መሪ ከሁሉ ጋር እግዚኦ ብዬ ነበር፤ ለጎረቤቴ ሲሆን አፌ አልከፈት አለኝ። ልጃቸውን ያጡት አባቴ ግን ድምፃቸው እየተቆራረጠ የገዳዩን ስም ይጠራሉ። ገዳዩ ልበል? እሱንም አላውቅም።