ነጥቡ ጨመረ፣ ሰው ግን አልመጣም

ነኢማ ከኮምቦልቻ ተነስታ ሪያድ የገባችው ገና በለጋነቷ ነው። ሺፋ ሰፈር የኡም ቱርኪን ቤት ስታጸዳ፣ ልጆቿን ስታዝል ስታወርድ ወጣትነቷ አለቀ። ኡም ቱርኪ ክፉ ሴት አልነበረችም። ነኢማ የሰፋችላትን ቀሚስ እህቶቿ ሁሉ ሲመኙት ባየች ጊዜ፣ ልጆቹም ነፍስ ሲያውቁ፣ ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ አንዲት ጠባብ የሴቶች ልብስ ስፌት ቤት ከፈተችላት። የንግድ ፈቃዱም የሱቁም ስም የኡም ቱርኪ ነው፤ የነኢማም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማው፣ የሚታደሰው እሷ ዋስ ስትቆምላት ነው። ነኢማ ግን ለሰው ስታወራ «ሱቄ» ትላለች፤ አሠሪዋም ሰምታ አልከለከለቻትም።

መጀመሪያ ላይ ሥራው ሞቅ ብሎ ነበር። በዒድ ሰሞን መቀመጫ ይጠፋል። በኋላ ግን የድሮዎቹ ጎረቤቶች በሰሜን በኩል ወዳሉት አዲስ ሰፈሮች ሄዱ፤ የተተኩት ደግሞ ልብስ ሰፊ የሚፈልጉት በስልካቸው ሆነ። ኡም ቱርኪን ስኳር በሽታ አልጋ ላይ ጣላት፤ ነገሩ ሁሉ በታላቅ ልጇ በቱርኪ እጅ ገባ። ቱርኪን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ነኢማ ናት። አንድ ቀን መጥቶ ወደ ውስጥ እንኳ ሳይገባ፣ በር ላይ እንደ ቆመ፣

«ያ ነኢማ፣ ሱቁ ራሱን ካልቻለ ከረመዳን በላይ አልታገሥም» አላት። «ባለቤቴም ለልጆቹ ሰው ትፈልጋለች።»

ነኢማ ምን ማለቱ እንደ ሆነ ገባት። በዚህ ዕድሜዋ እንደገና የሰው ልጅ ልታዝል ነው!

ጭንቀቷን ለደንበኛዋ ለምንትዋብ ነገረቻት። ምንትዋብ ነርስ ናት፤ ባሏ ሸዋንግዛው ኢንጂነር ነው። እሱ አርብ አርብ እየተቀመጠ ለሱቁ ዌብሳይት ሠራላት፤ የቀሚሶቹን ፎቶ ለጠፈ፣ አድራሻዋን ጻፈ። ሲጨርስ አንድ ቁጥር አሳያት፦ ሦስት።

«ይኸ ደግሞ ምንድን ነው ወንድሜ?»

«የተሰሚነት ነጥብ ይሉታል፤ ከመቶ ነው። ወዳንቺ ገጽ የሚያመራ ሊንክ እነማን እንዳስቀመጡ፣ ማለትም እነማን እንደሚመሰክሩልሽ አይተው በግምት የሚሰጡት ነው።»

ለነኢማ ይህን ማብራራት አላስፈለገም። ያለ ዋስ መቆም በማይቻልበት አገር ዕድሜዋን የፈጀች ሴት ናት። «እኔን የሚያውቀኝ የለም በለኛ» አለች።

«እንደሱ አይደለም። ነጥቡን የሚሰጠው ጉግል አይደለም፤ ከውጭ ሆነው የሚገምቱ ሌሎች ድርጅቶች ናቸው። ጉግል ደረጃ ሲያወጣ አያየውም። አዲስ ሱቅ ሁሉ ደግሞ ከታች ነው የሚጀምረው። ከትልልቆቹ ጋር ሳይሆን እንዳንቺው ካለ ጎረቤት ጋር ብቻ አስተያዪው። ይልቅ ደንበኞችሽ ጥሩ ቃል እንዲጽፉልሽ ለምኚያቸው፤ ካርታው ላይም አድራሻሽን እናስተካክል። ነጥቡ በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ።»

ሰማችው፤ ልቧ ውስጥ የቀረው ግን ቁጥሩ ብቻ ነው። ጠዋት ሱቁን ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው እሱን ሆነ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ስፌት ቤት ሃያ ስድስት ነው፤ እሷ ሦስት። ደንበኞቿን ቃል ጻፉልኝ ብላ ለምናለች። አብዛኞቹ ግን እንደ እሷ የሰው ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ስልክ የሚይዙት በመከራ ነው። እሺ ይሏትና በዚያው ይረሱታል።

በዚህ መሃል አንድ ሰው በዋትስአፕ ጻፈላት። ስሙን አልተናገረም፤ ነጥቡን በአጭር ጊዜ ከፍ አደርግልሻለሁ ብቻ አላት። ለሸዋንግዛው ልትነግረው አሰበችና እንዳይከለክላት ፈርታ ተወችው። ለእናቷ ልትልክ ያስቀመጠችውን ገንዘብ ለሰውዬው ላከችለት።

ቁጥሩ በእውነት ወጣ። አሥራ አራት ሆነ፤ ከዚያ ሃያ ሰባት፤ ከዚያ ሠላሳ ስምንት። ነኢማ ማዶውን ሱቅ ቀና ብላ አየችው። ዲራ ገበያ ሄዳ አዲስ ጨርቅ ገዛች፣ ሁለት ቀሚስ ሰፍታ መስኮቱ ላይ ሰቀለች። ስልኳን ከፊቷ አስቀምጣ ጠበቀች።

የደወለ የለም። ይባስ ብሎ ቀድሞ አልፎ አልፎ «ከኢንተርኔት አግኝተንሽ ነው» እያሉ የሚመጡት ሴቶችም ድምፃቸው ጠፋ። ሳምንታት አለፉ። ግራ ሲገባት ለምንትዋብ ደወለች፤ ባልና ሚስቱ ላፕቶፓቸውን ይዘው መጡ። ሸዋንግዛው ገልጦ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«እህቴ፣ ይህን ማን ሠራልሽ?»

«ምን ተገኘ?»

«የሚመሰክሩልሽ የቁማር ገጾች ናቸው። ከዚያም የባሰ አለ፤ በስሙ ልጠራልሽ አፍራለሁ። ገጾቻቸውን በሱቅሽ ስም ሞልተዋቸዋል። ጉግልም አይቶ ወደ ታች የገፋሽ ይመስለኛል።»

«አይጠፋም?»

«እነዚህን አትቁጠርብኝ ብሎ ማመልከት ይቻላል። ግን ጊዜ ይፈጃል፤ ወደ ነበርሽበት ትመለሻለሽ ብዬም አልምልልሽም።»

ምንትዋብ ትከሻዋን አቅፋ ልታጽናናት ሞከረች። ነኢማ አላለቀሰችም፤ እንባም አልመጣላትም።

ማመልከቻው ገና ሳይላክ ቱርኪ መጣ። ሚስቱ የሱቁን ስም ስልኳ ላይ ብትጽፍ የቁማር ገጽ ወጥቶባታል። ነኢማ ላይ አልጮኸም። ቢጮኽባት ይሻላት ነበር።

«የእናቴን ስም ከቁማር ጋር አገናኘሽው?»

«ወላሂ አላወቅሁም ልጄ።»

«ልጄ አትበዪኝ። ኸላስ፣ አበቃ!»

ኡም ቱርኪ ዘንድ ሮጠች። አሮጊቷ ከአልጋዋ ሆና እጇን ይዛ ዳበሰቻት። ከዚያ «ቱርኪ ያውቃል» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የስፌት መኪናዎቹን የጭነት መኪና መጥቶ ወሰዳቸው። ዛሬ ነኢማ ሰሜን ሪያድ በቱርኪ ቤት መንትያ ልጆቹን ታሳድጋለች፤ መርፌ የምትይዘው የተበጠሰ ቁልፍ ለመትከል ነው። በቀደም ምንትዋብ ደወለችላት። ሸዋንግዛው ያንን ነገር በብዙ ድካም እያጸዳው ነው፤ ዌብሳይቱን ልዝጋው ወይስ ልተወው ብሎ ያስጠይቃል።

«እንደ ፈቀደው ያድርገው፣ እህቴ» አለቻት፤ ከወዲያ ክፍል አንደኛው ልጅ እያለቀሰ ነበርና ስልኩን ዘግታ ሄደች።