ሰላምታን መፍራት

እኔ ውሻ አልፈራም፣ ጨለማ አልፈራም፤ የምፈራው ሰላም ሊለኝ የሚመጣ ሰው ነው። አዳማ ደግሞ ሰላምታ በአፍ ብቻ የሚያልፍባት ከተማ አይደለችም። እጅ ጥብቅ ተደርጎ ይጨበጣል፣ ትከሻ ለትከሻ ይጋጫል፣ የናፈቀ ሰው ከሆነ ጀርባም ይመታል። ጤነኛ ሳለሁ በዚህ የሚቀድመኝ አልነበረም። አሁን ከወዲያ ማዶ «አካም ጅርታ» የሚል የኦሮምኛ ሰላምታ ሰምቼ የተዘረጋ ክንድ ሳይ ልቤ ድው ይላል፣ የምገባበትም ይጠፋኛል።

ሕመሙ የጀመረኝ ከትከሻዬ ነው። ከዚያ ወደ አንገቴ፣ ወደ ዳሌዬ፣ ወደ ጭኔ ዞረ። ጠዋት ስነሳ ሌሊቱን ሙሉ ሲደበድቡኝ ያደሩ ይመስለኛል። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አለኝ፤ መቼም እኛ ዘንድ ታይፎይድ ያልሆነ በሽታ የለም። ቀጥሎ ብርድ ነው ተባልኩ። አዳማ ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት፣ ብርድ! የደም ምርመራውም ራጁም ምንም የለብሽም ሲል ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይል ነበር፤ እኔን ግን የባሰ ፍርሃት ያዘኝ። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ሰውነቴን በጣቷ እየተጫነች ስታየኝ ቆየችና ፋይብሮማያልጂያ ይባላል አለችኝ። አይገድልም፣ ቶሎም አይለቅም፤ የማታውን ኪኒን አታቋርጪ፣ በእግርሽ ቀስ እያልሽ መሄድ ልመጂ፣ እንቅልፍሽን ጠብቂ ብላ ሸኘችኝ። ስሙን ለጎረቤቴ ብነግራት ከየትኛው ፋብሪካ ነው የያዘሽ አለችኝ። ሳቅኩ፤ ሳቁም ጎኔን አመመኝ።

የተባልኩትን አደርጋለሁ። ፀሐይ ሳትበረታ እሄዳለሁ፣ ትከሻዬ ላይ ሞቅ ያለ ውኃ አፈሳለሁ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብዬ እሠራለሁ፣ ባጃጁ ኮብልስቶን ላይ ሊወጣ ሲል ወርጄ በእግሬ እቀጥላለሁ። ደህና የምውልባቸው ቀናት አሉ። ሰላምታውን ግን ምን ላድርገው? እጄ እርጥብ ነው እላለሁ፣ ጉንፋን ይዞኛል እላለሁ፣ ከባንኮኒው ጀርባ አልወጣም። ኮራች ተባልኩ። ሌላው ሰው ይበለኝ ብዬ ተውኩት። የከበደኝ አባባ ናቸው።

አባቴ ከአዳማ ወጣ ብላ ባለችው ወለንጪቲ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ሲስሙኝ ጎትተው ደረታቸው ላይ ይለጥፉኝና ጀርባዬን በዚያ መዳፋቸው አቧራ እንደሚራገፍለት ጆንያ ይመቱታል። እንዴት እወደው ነበር! ከታመምኩ ወዲህ ግን መምጣታቸውን ሳይ አንዴ ሻይ ልጣድ ብዬ ወደ ጓዳ፣ አንዴ ደንበኛ አለብኝ ብዬ ወደ ማሽኑ እሸሻለሁ። አንድ ቀን ክንዳቸውን ዘርግተው ሲመጡ ሳላስበው ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ኮታቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

ለምን አልነገርኳቸውም? እናቴ የሞተችው «ሰውነቴን ይቆረጥመኛል» ብላ በጀመራት በሽታ ነው። ያንን ቃል ከእኔ አፍ ቢሰሙ ምን እንደሚሆኑ አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር የሐኪሟን ቃል እኔም አምኜ አልጨረስኩትም። ሕመሙ በበረታ ቁጥር እናቴንም እንዲህ አድርጎ ይሆን የጀመራት እያልኩ እብሰለሰላለሁ።

ከዚያ ወንድሜ ደወለ። አባባ ከእንግዲህ አዳማ አልሄድም ብለዋል አለኝ። ልጄ ፊት ነሳችኝ፣ ምን እንዳጠፋሁባት እንኳ አልነገረችኝም ብለው አልቅሰዋል። አባባ ሲያለቅሱ ያየሁት እናቴ የተቀበረች ዕለት ብቻ ነው።

በማግስቱ ፎቶ ኮፒ ቤቴን ዘግቼ ወለንጪቲ ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ በሁለት ሰው መሃል ተጣብቄ፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ፤ ከሕመሙ ይልቅ ግን የምነግራቸው ነገር ያስፈራኝ ነበር። ግቢ ስገባ ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አልተነሱም። በአንገታቸው ብቻ ሰላም አሉኝ። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩና ያለውን ሁሉ ዘረገፍኩት። ይቆረጥመኛል የሚለውንም ቃል አልዘለልኩትም።

ፊታቸው አመድ መሰለ።

«እኔን ልጄ። እንደ እናትሽ ነው?»

«አይደለም አባባ። አይገድልም ተብያለሁ።» 

ይመኑኝ አይመኑኝ አላወቅኩም። ምሳ ቀርቦ እስኪነሳ ወጡን በእኔ በኩል እያስጠጉ እጄን እጄን ያያሉ።

ሊሸኙኝ አብረውኝ ወጡና እስከ መናኸሪያው በእኔ እርምጃ ልክ ቀስ እያሉ ሄዱ። ረዳቱ አዳማ፣ አዳማ እያለ ይጣራል፤ በዙሪያችን ሰው ሁሉ ተሳስሞ ይለያያል። አባባ ግን እጆቻቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ፊቴ ቆሙና እንደ እንግዳ ሰው ጎንበስ አሉልኝ። እንዳይጎዱኝ ፈርተዋል። እኔን ደግሞ በሕመሙ እንኳ ይዞኝ የማያውቅ ፍርሃት ያዘኝ፤ ከእንግዲህ አባቴ ሳይነኩኝ ሊቀሩ ነው አልኩ።

አንዱን እጃቸውን ከጀርባቸው ስቤ አመጣሁና ትከሻዬ ላይ አስቀመጥኩት። ሊያነሱት ቃጡ።

«አመመሽ?» አሉኝ።

«ያማል» አልኳቸው። «ግን አያንሱት።»