ድምፅ የሌላት ኬ

ባለፈው ሳምንት የምሠራበት የስፌት ቤት በር ጥቁር ቀለም ሲቀባ ሽታው እስከ ማሽኔ ድረስ መጥቶ እጄን ከጨርቁ ላይ አስነሣኝ። ያ ሽታ አቃቂ የነበረው ቤታችን የጓዳ በር ሽታ ነው። አባቴ ቃሊቲ አንድ የጭነት መኪና ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ስለነበር፣ ከሥራ የተረፈውን ቀለም በቆርቆሮ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ቀለሙን ተቀብሎ የጓዳውን በር ከላይ እስከ ታች አጥቁሮ ሰሌዳ አደረገው። ይህን አጎቴን ጋሼ እለው ነበር። ኮሌጅ ገብቶ የእንግሊዝኛ መምህርነት ይማር ነበር፣ የሚኖረው እኛ ቤት ነበር፣ ከሰዓት በኋላም የግቢውን ልጆች ሰብስቦ ያስጠናን ነበር።

አምስተኛ ክፍል በገባሁበት መስከረም፣ ጋሼ በሩ ላይ አንድ ቃል ጽፎ በማስመሪያው እየመታ «አንብቢ» አለኝ። ሰው ፊት መናገር ሞቴ ነበር። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለይቼ፣ ገጣጥሜ፣ እንደምንም ድምፄን አውጥቼ «ክኒፌ» አልኩ። ለካ ናይፍ ነው፤ ቢላዋ። ልጆቹ በሳቅ ተንከተከቱ፣ ጋሼም ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ። ጥፋቴ ምን ነበር? በእኛ ፊደል የተጻፈ ሁሉ ይነበባል፤ ተጽፎ ዝም የሚል ፊደል እንዳለ ማን ነግሮኝ? ጋሼ ሳቁን ሲጨርስ «ኬ እና ኤን ቃል መጀመሪያ ላይ ሲገናኙ ኬ ድምፅ የላትም። ከፊት ትቆማለች እንጂ አትናገርም፤ ልክ እንደ አንቺ» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ጠፋ። «ክኒፌ፣ ውሃ አምጪ!» «ክኒፌ፣ ሸሚዜን ተኩሽልኝ!» ከቧንቧ ውሃ ለመቅዳት ስወጣ ልጆቹ «ቢላዋዋ መጣች፣ እንዳትቆርጣችሁ!» እያሉ ይበታተኑ ነበር። እናቴ «ኧረ ተው አንተ ልጅ፣ ልጄን አታሳቅቃት» ስትለው «እትዬ ደግሞ፣ ቀልድ እኮ ነው» ይላት ነበር።

በጋው ገብቶ የከባድ መኪኖቹ አቧራ እስከ ጓዳ መድረስ ሲጀምር በሩ በኬ እና ኤን ቃላት ተሞላ። ኖክ ማንኳኳት፣ ኖት ቋጠሮ፣ ኖው ማወቅ። ጋሼ ቃልን በድርጊት ማስተማር ይወድ ነበር፣ መማሪያውም እኔ ነበርኩ። ኒ ሲል ጉልበቴን በማስመሪያው ይመታል፤ ኒል ሲል ያንበረክከኛል። ሲሚንቶው ላይ ተንበርክኬ ሳለሁ ልጆቹ «ኒል! ኒል!» እያሉ ይደግሙ ነበር። አንድ ቀን አባቴ ግራሶ የነካ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገብቶ እንዲያ ሆኜ አገኘኝ። ያነሣኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ጎበዞች፣ አጥኑ» ብሎ አለፈ። ቃላቱን ሁሉ በዚያ በጋ በቃሌ ያዝኳቸው፣ ዛሬም አንዱ አልጠፋኝም። ቂም ጥሩ አስተማሪ ነው።

ስምንተኛ ክፍል ስጨርስ ሚኒስትሪ አለፍኩ። ሰኔ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር እኔ ስለ ዘጠነኛ ክፍል ዩኒፎርም አልም ነበር። ሁለተኛ ደረጃው ግን ሩቅ ስለነበር አባቴ አመንትቶ ወንድሙን አማከረው። ከጓዳው በር ጀርባ ቆሜ ሰማኋቸው።

«ወንድም ጋሼ፣ አትድከም» አለ ጋሼ። «ክኒፌ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም። ስፌት ትማር፤ መርፌ ተናገሪ አይላትም።»

«አንተ የተማርከው ካልክ እሺ» አለ አባቴ። ትምህርቴ ሻያቸውን እንኳ ሳይጨርሱ አለቀ።

በዚያው ክረምት ጋሼ ቀለበት አስሮ ለሠርጉ ሽር ጉድ ይባል ነበር። አንድ ቅዳሜ የእጮኛው እናትና ወንድም ጃንጥላቸውን ሳያጥፉ ገቡ። ወንድምየው «ባለፈው እሑድ ሳሪስ ካፌ ውስጥ ከሌላ ሴት ጋር ተቃቅፎ አይቼዋለሁ» አለ። ሰው ተመሳስሎበት ነው። በዚያ እሑድ ቤተሰቡም ጎረቤቱም ለቅሶ ሄዶ ግቢው ባዶ ነበር፤ ጋሼ ጥርሱን አሞት፣ ጉንጩን በእኔ ሻርፕ አስሮ ሲያቃስት ውሏል። ጨው ያለው ውሃ እያሞቅሁ ስሰጠው የዋልኩት እኔ ነበርኩ፤ ከእኔ ሌላ ያየው ሰው አልነበረም።

«ይቺ ትመስክር!» ብሎ ጋሼ ክንዴን ይዞ መሐል አቆመኝ።

እናትየው ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ነይ የኔ ልጅ፣ አንቺ አትዋሺም። እሑድ አጎትሽ እዚህ ነበር?»

«ጥርሴን አሞኝ አልነበር? ንገሪያቸው እንጂ!» አለ ጋሼ።

«አንተ አታስጠናት!» አሉት።

«ሰላማዊት» አለኝ። ለዓመታት የጠፋው ስሜ ከአፉ ወጣ። «ሰላምዬ፣ በእናትሽ።»

«ነበረ» ማለት ይበቃ ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ቀና ብዬ ዓይኑን አየሁት፣ ከዚያ ዝም አልኩ።

«ልጅቷ እንኳ ልትዋሽልህ አልፈለገችም» አሉ እናትየው፣ ልጃቸውንም አስከትለው ወጡ። በሳምንቱ ቀለበቱ ተመለሰ። ጋሼ ክረምቱን ሙሉ እህል አስጠላው፤ እኔም ሳህኑን እንደሞላ ባነሣሁ ቁጥር ሆዴ ይጠግብ ነበር።

አሁን ጋሼ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሌላ ሚስት ጋር ይኖራል፣ ልጆችም ወልዷል። እኔ ስፌቴ ላይ ነኝ። በዓል ሲመጣ ስንገናኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ለሚስቱ «እሷ ምን ታድርግ፣ ያኔ ፈርታ ነው፤ ሰው ፊት ምላሷ ይታሰር ነበር» ይላታል። ይቅር ብሎኛል። ያኔ የእሱ ማዘን በቅቶኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ይህ ይቅርታው ከዚያ ሁሉ ሳቁ ይበልጥ ያቃጥለኛል። የወሰደብኝን አያስታውስም፣ የወሰድኩበትንም አያውቅም። ያን ቅዳሜ አልፈራሁም፣ ጋሼ።