ሶሬቲ የጠየቀችው

ሶሬቲ ጉርድ ሾላ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ነርስ ናት፤ እዚያ መሥራት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ። ጊምቢ ተወልዳ ያደገች የወንጌላዊ ልጅ ስትሆን፣ በልጅነቷ ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ "ኖኅ መርከቡ ላይ ለአንበሳው ምን አበላው?" ብላ ጉባኤውን ያሳቀች እሷ ነበረች። አባቷ "ይቺ ልጅ አፏ አያርፍም" እያሉ ይኮሩባት ነበር። በአርባ ሦስት ዓመቷ ያው ጠያቂነቷ ብቻዋን ያስቀራታል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

ለሚ ኩራ ባለው ኮንዶሚኒየም የምትኖረው ከታናሽ ወንድሟ ከሊባን ጋር ነበር። ሊባን የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነበር። ኩላሊቱን ታመመ። የሕንፃው የጸሎት ኅብረት አባላት ሰባት ቀን ጾሙለት። በሰባተኛው ቀን የኅብረቱ መሪ ታዴዎስ እጁን ግንባሩ ላይ ጭኖ "ትኖራለህ፤ ጌታ ተናግሮኛል" አለው። ሊባን አመነ። ሶሬቲም አመነች። በሦስተኛው ሳምንት፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ ሊባን ሞተ።

ሐዘኑ በወጉ ተከናወነ፤ ጎረቤት አልጎደለም። ሰው ከተበተነ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ኅብረቱ ሲሰበሰብ ሶሬቲ እጇን አወጣች።

"አንድ ነገር ልጠይቅ። ጌታ 'ይኖራል' ካለ ሊባን ለምን ሞተ? ካላለ ደግሞ ማን ነው ያለው?"

የሚሰበሰቡበት ቤት ባለቤት፣ ጎረቤቷ ሙሉ፣ ዐይኗን ምንጣፉ ላይ ተከለች። ታዴዎስ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እህቴ፣ አንዳንድ ነገር አይጠየቅም። ጥያቄ ሲበዛ ጠላት በር ያገኛል። እንጸልይልሽ።"

ጸለዩላት። ክፉዎች አልነበሩም። ግን ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ሲያገኟት "በርቺ" ብለው ቶሎ ያልፏት ጀመር። ሁለት ቅዳሜ ታግሣ ሦስተኛውን ቀረች። መጥቶ ያንኳኳ የለም። መዝሙራቸው በግድግዳው አልፎ ሲሰማት ከንፈሯ ዜማውን ይጀምርና መሐል ላይ ያቆማል። በር ሥር፣ ሊባን ጫማውን የሚያወልቅበት ቦታ ባዶ ነው፤ የራሷን እዚያ ማስቀመጥ አልሆነላትም።

ጸሎቱም እምቢ አላት። ልትጀምር ስትል ያ "አይጠየቅም" የተባለው ጥያቄ ይቀድማታል፤ እሱን ደብቃ እንዴት ትንበርከክ? መጽሐፍ ቅዱሷን ግን አልተወችም። ኢየሱስ የጠየቀበት ቦታ በደረሰች ቁጥር ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጭረት ታደርጋለች። የጀመረችው በእልህ ነበር፤ "መጠየቅ ነውር ከሆነ እሱ ለምን ይጠይቃል?" ብላ። የማርቆስን ወንጌል ስትጨርስ ኅዳጉ በጭረት ተሞልቶ ነበር። እልሁ ቀስ በቀስ ወደ ጉጉት ተለወጠ።

ሰኞ ሰኞ ክሊኒኩ እየመጡ ደም ግፊታቸውን የሚለኩ አቶ ዘርአጽዮን የሚባሉ አዛውንት ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ። አንድ ሰኞ ጠረጴዛዋ ላይ የተከፈተውን መጽሐፍ አዩት።

"ልጄ፣ ይህ ሁሉ ጭረት ምንድን ነው?"

ሶሬቲ አመነታች። "አባባ፣ እኔ ጴንጤ ነኝ።"

"እሱን መቼ ጠየቅሁሽ?"

ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። የጌታን ጥያቄዎች እየቆጠረች እንደሆነ ስትነግራቸው እሳቸውም በወጣትነታቸው ጎጃም ውስጥ የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማሪ እንደነበሩ አጫወቷት።

"መምህራችን አንዱን ቃል ይፈቱና 'አንድም' ብለው ሌላ ፍቺ ይጨምራሉ፤ 'አንድም' ብለው ደግሞ ሌላ። የማይጠይቅ ተማሪ ሲያዩ 'ይህስ እንቅልፉን ሊጨርስ ነው የመጣ' ይሉ ነበር።"

የሊባንን ነገር የነገረቻቸው ክንዳቸው ላይ ያሰረችውን መለኪያ እንኳ ሳትፈታ ነው። ሽማግሌው በሌላው እጃቸው መጽሐፉን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

"ለምን እንደሞተ አላውቅም፤ አውቃለሁ ብልሽ እዋሻለሁ። ግን የአልዓዛርን ታሪክ አንብቢ። ጌታ የት እንደቀበሩት ይጠይቃቸዋል። ከሩቅ ሆኖ መሞቱን ያወቀ፣ መቃብሩ ጠፍቶት ነው? አስቢበትና ሰኞ ንገሪኝ።"

ሳምንቱን ሙሉ አሰበችበት። ሐሙስ ከሥራ ስትመለስ ታክሲ ውስጥ ድንገት ገባት። ሊባን ካረፈ አምስት ወሩ ነው። "ጌታ ያጽናሽ" ያላት ብዙ ነው፤ መቃብሩ የት እንደሆነ የጠየቃት አንድ ሰው የለም። እሷም ከቀብሩ ቀን ወዲህ አልሄደችም።

"የጠየቀው ስላላወቀ አይመስለኝም" አለቻቸው ሰኞ። "ሐዘንተኞቹ ራሳቸው እንዲወስዱት ነው። መቃብሩ ዘንድ ብቻቸውን እንዳይቆሙ።"

አቶ ዘርአጽዮን ራሳቸውን ነቀነቁ። "አንድም" አሉ ቀስ ብለው፣ "ከተአምሩ በፊት ዕንባውን ሊያሳያቸው።"

ቅዳሜ ወደ መቃብሩ ሄደች። ስሙ የተጻፈበት ጣውላ ዘሟል፤ አረም ውጦታል። ተንበርክካ አረሙን ነቀለች። ከዚያ በእናቷ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ ጮክ ብላ "ለምን?" አለች። መልስ አልመጣም። ግን ከአምስት ወር በኋላ የመጀመሪያ ጸሎቷ እሱ ነበር፤ የሚሰማት እንዳለም አልተጠራጠረችም። እስኪመሽባት ድረስ አለቀሰች፣ ተናገረች፣ ጠየቀች።

ክረምቱ ሲገባ አቶ ዘርአጽዮን ደብረ ብርሃን ወዳለችው ልጃቸው ሄዱ። ስልክ ስትደውልላቸው ጆሯቸው አይሰማም፤ መርቀዋት ይዘጋሉ። ሰኞም እንደሌላው ቀን ሆነ።

ነሐሴ ላይ፣ ውሃ በመጣ ቀን፣ ታዴዎስን ከሕንፃው ሥር ጀሪካን ሲሞላ አገኘችው። አንገቱን ደፋ። አላለፈችውም።

"ታዴ፣ ሊባን ከሞተ ወዲህ አንተስ እንዴት ነህ?"

ቀና ብሎ አያት። "ለበሽተኛ መጸለይ ፈርቻለሁ" አለ። "ያን ቀን ጌታ ተናግሮኝ ይሁን፣ ሊባንን ስለምወደው ይሁን፣ እኔም አላውቅም። ስትጠይቂኝ ደነገጥኩ፤ አፍሽን ዘጋሁት። ይቅር በይኝ።" ጀሪካኑን ከድኖ "መልሱን አገኘሽው?" አላት።

"አላገኘሁም። ግን እየጸለይኩ ነው።"

"ቅዳሜ ትመጫለሽ?"

"እመጣለሁ። እጠይቃለሁ ግን።"

"ጠይቂ" አለ ታዴዎስ። "እኔም የምጠይቀው አለኝ።"

ሄደች። ዛሬም ከአጠገቧ መቀመጥ የሚሸሽ አለ፤ ፕሮግራሙ ሲያልቅም የሚጠብቃት ያው ጭር ያለ ቤት ነው። ታዴዎስ ግን በዚያ ቅዳሜ ቆሞ፣ ስለ ሊባን "ጌታ ተናግሮኛል" ያለው ከጌታ ይሁን ከራሱ እንደማያውቅ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረ።