ሽማግሌዎቹ ቤቱ ሄደው ያዩት

ከንግድ ትምህርት ቤት ተመርቄ ድሬ ዳዋ ፍርድ ቤት ታይፕ መቺ ሆኜ ገባሁ። ሥራው ይሰለቻል። ሙቀቱ አንድ ነገር ነው፣ ባለጉዳዩ ደግሞ አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ይደጋግማል። እኔ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም።

አንድ ቅዳሜ ቢሮ ልንዘጋ ስንል ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ከሳሙና ፋብሪካ የተባረረ አንድ ሠራተኛና አሠሪው ጉዳያቸውን በግልግል ዳኞች ለመጨረስ ተስማምተው፣ አንዱን ሠራተኛው፣ አንዱን ፋብሪካው መርጧል። ሰብሳቢው መጋላ ሰፈር ጨርቅ የሚሸጡ ሀጂ ናቸው። ውሳኔያቸውን በታይፕ እንድመታላቸው ነው የመጡት።

ሰውየው ሳሙና የሚፈላበትን ጋን የሚጠብቅ ነበር። ሦስት ጊዜ በጠራራ ፀሐይ ሥራ ጥሎ ወጣ። በሦስተኛው ጋኑ ገነፈለ፣ ተባረረ። ሀጂው እንዲህ አስጻፉኝ፦ «ቤቱ ድረስ ሄደን ችግሩን በዓይናችን አይተናል። በቂ ምክንያት አለው፤ ወደ ሥራው ይመለስ።»

«ችግሩ ምንድነው? ይጻፍ እንጂ» አልኩ።

«አቦ፣ የሰው ገበና በወረቀት ይጻፋል?»

እኔ ሲኒማ ቀጥሬያለሁ። እንዳሉኝ መትቼ ሰጠኋቸው።

የፋብሪካው ጠበቃ ይግባኝ አለ። ሽማግሌዎቹ አንዱን ወገን ሌላው በሌለበት ሰምተዋል ነው ክርክሩ። ዳኛው ሀጂውን አስጠርተው ጠየቋቸው።

«የሠራተኛው ቤት ስትሄዱ ከፋብሪካው ማን አብሯችሁ ነበር?»

«ማንም! ጌታዬ፣ አለቃውን አስከትዬ የሰው ጓዳ ልግባ? ወላሂ የፋብሪካውንም ሰው ቢሮው ሄደን ለብቻው አነጋግረናል። ሽምግልና እንዲህ ነው።»

ችሎቱ ሳቀ። ጠበቃው ግን ብዕሩን አውጥቶ ጻፈ። ሀጂው የጠቀሙት መስሏቸው የሰውየውን ነገር በገዛ አፋቸው አፈረሱት። ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሰረዘ፤ ሁለቱም ወገኖች ባሉበት፣ ቃለ ጉባኤ እየተያዘ እነዚያው ሽማግሌዎች እንደገና ይዩት አለ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ደግፌዋለሁ። ሕጉን ሳነበው ልክ ነበር።

ቃለ ጉባኤውን እንድይዝ እኔ ታዘዝኩ። ጠረጴዛው ዙሪያ ሥራ አስኪያጁ፣ ጠበቃው፣ ሁለት ፎርማኖች ተቀመጡ። ሰውየው ከማዶ ብቻውን ነው፤ ያገለገለ ግን በደንብ የተተኮሰ ኮት ለብሷል።

«ሥራህን ለምን ጥለህ ወጣህ?» አሉት ሀጂው።

«ጉዳይ ነበረኝ።»

«የምን ጉዳይ?»

«የቤት።»

«ቤት የሌለው ሠራተኛ አለ እንዴ?» አለ ጠበቃው። ፎርማኖቹ ሳቁ።

ሀጂው ሰውየውን ትክ ብለው አዩት። «ልጄ፣ ለእኛ የነገርከንን ንገራቸው።»

ዝም አለ። እኔም «ዝም አለ» ብዬ ጻፍኩ።

ለዕረፍት ስንወጣ በረንዳው ላይ ያዝኩት። «ምን ሆነዋል እርስዎ? አንድ ቃል እኮ ነው! ተናግረው ወደ ሥራዎ ይመለሱ!»

«አንቺ ልጅ፣ ቀስ በይ» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ሚስቱ አእምሮዋ ታውኳል። ሲነሳባት ልብሷን ጥላ ወደ ደረቁ ወንዝ አሸዋ ትወጣለች፤ ጎረቤት ፋብሪካው በር ድረስ መጥታ ትጠራዋለች፤ እሱ ሮጦ ሄዶ አልብሶ ያስገባታል። ሽማግሌዎቹ የሄዱ ዕለት ታስራ ነው ያዩዋት።

«ታዲያ ይህን ሰምቶ ማን ይጨክንብዎታል?»

«እነዚያ ፎርማኖች ዛሬ ከሰሙ ነገ ቀፊራ ገበያ ይወራል።»

«ይወራ! ቢያሙዎት ምን ይሆናሉ?»

«እኔንማ ይሙኝ፣ ግድ የለም። የሚያሙት እሷን ነው። ደህና የምትሆንበት ቀን እኮ አለ፤ ገበያ ትወጣለች።»

ገብቼ ለሀጂው ልናገር አሰብኩ፤ እሳቸው ግን ያውቁታል። ለጠበቃው መንገር ደግሞ የእኔ አልነበረም።

ከዕረፍት በኋላም ያው «የቤት ጉዳይ» አለ እንጂ ሌላ አልወጣውም። ሽማግሌዎቹ ቃለ ጉባኤው ላይ ካለው ውጪ መፍረድ አልቻሉም። ስንብቱ ጸና። ሀጂው ሲፈርሙ ቀና ብለው «አሁንስ ሕጋዊ ሆነ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ሀጂ።»

«እንግዲያው አንቺው አንብቢለት።»

አነበብኩለት። ያለ በቂ ምክንያት ሥራ ጥሎ በመሄድ ይላል። ማንበብ ስለማይችል ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ በጣቱ መስመሮቹን እየነካ ጠየቀኝ።

«እሷ አለችበት?»

«የለችም።»

«የትም ቦታ?»

«የትም ቦታ።»

አራት ቦታ አጥፎ ኮቱ ውስጥ ከተተውና ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ እጅ ነስቶ ወጣ።