የድንኳን ቦታችን ላይ ጎመን

በነጻ የሚሰጥ ነገር አላምንም። ምን ላድርግ፣ ተፈጥሮዬ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባን ጀምሮ ስንቱ መጥቶ ፎቶ አንስቶን ሄዷል! አንድ የእርዳታ ድርጅት በብሎኮቻችን መሀል ያለውን ሜዳ አጥሮ፣ የውሃ ታንከርና ዘር ገዝቶ፣ ለነዋሪው የጋራ ጓሮ አትክልት ሊያደርግልን ነው ሲባል ታዲያ መጀመሪያ የጠየቅኩት «ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?» ብዬ ነው።

ሜዳው ባዶ ይመስላል እንጂ የእድራችን ድንኳን የሚተከለው እዚያ ነው። በአንድ በኩል መኪና ማቆሚያ፣ በሌላ በኩል የፍሳሽ ቦይ ስላለ፣ ሰው ሲሞት ለቅሶ የምንቀመጥበት ሌላ ቦታ የለንም።

በስብሰባው ቀን ከድርጅቱ የመጣው ሰውዬ ስለ ጎመኑ፣ ስለ ቆስጣው፣ ስለ ካሮቱ ሲያወራ የጎረቤቶቼ ፊት ፈካ። እኔ ብድግ አልኩ። «ዛሬ አጥር፣ ነገ ዘበኛ። ከዚያ በኋላ ማን ያስገባናል?»

የእድራችን ሰብሳቢ ትልቅ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ሰው ከሞተ አጥሩን እንከፍታለን፤ ተስማምተዋል እኮ» አሉኝ።

«እና ጎመኑ ላይ ነው ድንኳን የምንተክለው ጋሼ?»

ሰው ሳቀ። እኔ ግን አልበርድ አልኩ፤ ስጨቃጨቅ ውሳኔው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

የሆዴን አልተናገርኩም። እናቴ ታማ ተኝታለች። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ የነገረኝን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ ነበር። እሷ በሕይወት እያለች «የእናቴን ለቅሶ የት ልቀመጥ ነው?» ተብሎ በሰው ፊት ይጠየቃል እንዴ? ሟርት ነው! ስለዚህ በድርጅቱ አሳበብኩ። ድርጅቱንም ቢሆን አላመንኩትም፣ እሱም እውነት ነው።

እናቴ የዚሁ አገር ገበሬ ልጅ ናት። የአባቷ ማሳ ከኮንዶሚኒየሙ ብዙም አይርቅም ነበር። ሐኪሙ ቅጠላ ቅጠል ትብላ ብሏል፤ ጎመን ግን ዋጋው አልቀመስ ብሏል፣ የማገኘውም የጠወለገውን ነው። እሷ ደግሞ «ሽሮ ይበቃኛል» ትለኛለች።

ከስብሰባው በኋላ ፎቅ ላይ የምትኖረው ወሎዬ ጎረቤቴ እናቴን ልትጠይቅ መጣች። ወጥ ቤት ሆኜ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ስገባ ጸጥ አሉ። ምን ብላት ይሆን? ሴትዮዋ ዓይኔን ሳታይ «አላህ ያሽርሽ» ብላ ወጣች።

«አትክልቱን ያስቀረሽው አንቺ ነሽ አሉ» አለችኝ እናቴ።

«የድርጅቱ ሰዎች ውሸታሞች ናቸው እማዬ። መሬቱን ሊወስዱት ነው።»

«የአባቴ መሬት ሲወሰድ አይቻለሁ። ያኔ ዘር ይዞ የመጣ አልነበረም።»

«የድንኳን ቦታ ነው እኮ እማዬ...» አልኩና አፌን ያዝኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። «ለእኔ ነው?»

እንባዬ ቀደመኝ።

«አታልቅሺ። ለለቅሶዬ ቦታ ያዝሽልኝ፣ ደግ አደረግሽ» አለች እናቴ። «እስከዚያስ ምን ልብላ?»